አጎቴ ይለኩት የነበረው ዝናብ

ወንዙ መሐል ስደርስ ውሃው ድንገት ደፈረሰና ቅጠል ይዞ መጣ። ከቢቸና ስነሳ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለነበር ነው ልጄን አዝዬ የገባሁት። የምሄደው ለአጎቴ ተዝካር ነበር።

አጎቴ ከወንዙ ማዶ ወደ ላይ፣ በሞጣ በኩል ነበር የሚኖሩት። ጧት ጧት የዝናብ መለኪያውን አይተው ለሜትሮሎጂ ሰዎች ይነግራሉ፤ ቀጥለው ለእኔ ይደውላሉ። "አንች ልጅ፣ የቢቸናን ሰማይ አትመኝው። እዚህ ሲያወርደው አድሯል፤ ዛሬ እንዳትሻገሪ" ይሉኛል። በተሻገርኩ ቀን ደግሞ "ደህና ነን" እስክላቸው ስልኩን አይዘጉም። ከሞቱ ወዲህ ልጃቸው ነበረች የምትደውልልኝ። ዛሬ ሳትደውል ስትቀር አልዘነበም ብዬ ገባሁ።

ውሃው ወገቤ ሳይደርስ ወጣሁ። ግቢያቸው ገብቼ ልጃቸውን "መለኪያውስ?" አልኳት።

"ከዳሱ ስር ነው። ትናንት ሸራውን ዘረጋንበት። ሌሊቱን ዘንቦ መለኪያው ባዶ ሆነ፤ ቁጥሩን ሳልይዝ ምን ብዬ ልደውል ብዬ ተውኩት።"

"እሳቸው ቢሆኑ ለራሳቸው ተዝካርም አያስሸፍኑት" አልኳት። ሸራውን አብረን ገለጥነው።

ይቀመጡበት የነበረው መደብ ባዶ ነው። አጠገቡ ቆሜ "ተሻግረናል፤ ልጄም እኔም ደህና ነን" አልኩ።