ከወገቡ የሚጀምር ስም

እናቴ ስሜን እንደሌላው ሰው ጠርታኝ አታውቅም ነበር። በእኛ በአንጋጫ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም በአፏ አታነሣም፤ በዚያ ስም መነሻ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትሸሻለች፣ በምትኩ ሌላ ትናገራለች። አባቴ የሚስዮን ትምህርት የቀመሰ ሰው ነበርና፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የሴት ስም መርጦ ሲያወጣልኝ መነሻው ከገዛ አባቱ ስም ጋር አንድ መሆኑ ግድ አልሰጠውም። እናቴን ግን ግድ አላት። መጀመሪያውን እየተወች ከወገቡ ጀምራ ትጠራኝ ነበር።

አንጋጫ ሳለን ይህን የሚጠይቅ አልነበረም። አባቴ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሥራ አግኝቶ ሆሳዕና ስንገባ ነው ጣጣው የመጣው። እናቴ ትምህርት ቤት ልታስመዘግበኝ ወስዳኝ፣ አስተማሪው ስሜን ሲጠይቃት ያንኑ አጭሩን ነገረችው። እሱም እንደሰማው ጻፈው።

ከዚያ ወዲያ በስሜ ላይ ሐሳብ የማይሰጥ ጠፋ። ጎረቤታችን የጉራጌዋ ባለሱቅ አጭሩ ለአፍ ይጣፍጣል ትላለች። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጌታን የተቀበለች ሴት በዚህ ልማድ መታሰር የለባትም አሉ። የክፍሌ ልጆች ደግሞ እናትሽ የልጇን ስም እንኳ መጥራት አትችልም እያሉ ይስቁብኛል። የእነሱ አንገበገበኝ። እናቴ ከምባትኛውንም ሀዲይኛውንም አማርኛውንም አቀላጥፋ የምትናገር ሴት ነበረች። ይህን ልነግራቸው ሲገባኝ አፈርሁባት፤ ለአባቴም ከሰስኋት።

አያቴ ሊጠይቁን በመጡበት እሑድ፣ ምሳ ከተነሣ በኋላ፣ አባቴ እናቴን የልጅሽን ስም ሙሉውን ጥሪ አላት። አባቱ ፊት ያደረገው ሆን ብሎ ነው። አያቴ ነገሩ ገብቷቸው ሊነሡ ሲሉ እንዲቀመጡ ለመናቸው። እናቴ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ይቅርብኝ ብል ኖሮ በዚያው ይቀር ነበር። አላልሁም፤ ከአፏ መስማት ፈልጌ ነበር።

ጠራችው፤ አንድም ሳታጎድል፣ ከማንም አጥርታ። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወደ ጓዳ ገባች። አያቴም አባቴን፣ "እኔ እኮ አልጠየቅሁም ነበር" አሉት።

በማግስቱ ስሜ መዝገብ ላይ ተስተካከለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ፣ አንቺ ልጅ፣ ነይ ምሳሽን ብዪ አለችኝ። በሁለተኛውም ቀን አንቺ ልጅ፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ሳምንት ጠብቄ እንደ ድሮው እንድትጠራኝ ለመንኋት። የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። ቁጣ አልነበረባትም።

"አጭሩን ስጠራሽ አንቺ አፈርሽ፤ ሙሉውን ስጠራሽ እኔ አፈርሁ። እንግዲህ ምን ብዬ ልጥራሽ?"

እስክትሞት ድረስ ሙሉውንም ሆነ ግማሹን ከአፏ አልሰማሁም።