የዲሪር ቆሪ

ዲሪር በድሬ የሳቢያን ሰፈር አናጢ ነው። ለሰው በርና ቁም ሳጥን ይሠራል፤ ለነፍሱ ደግሞ ጊታር። እስካሁን የሠራቸው ጊታሮች ሁሉ ከአገር እንጨት የወጡ ናቸው፤ ሰው ሲያመሰግነው «ምን ዋጋ አለው፣ እንጨቱ አፍ የለውም» ይላል። ለሱ አፍ ያለው እንጨት በባሕር የሚመጣው፣ ሲላግ ሆዱ ላይ ሞገድ የሚወጣው ጠንካራው የህንድ እንጨት ነው። በዚያ አንድ ጊታር ሠርቶ ድምፁን መስማት ይመኛል። ችግሩ፣ የመጋዝ ማሽኑ ስንት ዓመት ሲጮህበት ኖሮ ጆሮው እየከዳው ነው። እንጨቱ እስኪመጣ ጆሮው መጠበቁን አላህ ይወቅ።

እሱ ስለማይሰማ ሰው ሁሉ የማይሰማ ይመስለዋል፤ ሲያወራ ይጮኻል። ቤት ሲገባ ሬዲዮ የተቀመጠበትን ቁም ሳጥን በግንባሩ ተደግፎ ይቆማል፤ ወሬው በእንጨቱ በኩል ይመጣለታል። ሚስቱ ካልቱን «ከኔ ይልቅ ሚስጥሩን የሚያውቀው ቁም ሳጥኑ ነው» እያለች ትስቅበታለች።

አንድ ቀን ነጋዴው ዐብዲናሲር ከፈረሰ የጅቡቲ ቤት የወጣ ሳንቃ አመጣለት። ዲሪር ሱቁ ድረስ ሄዶ ጥጉን በመላጊያ ነካ አድርጎ ምራቁን ቀባው። ሞገዱ ብቅ አለ። በብርድ ልብስ ጠቀለለውና ወደ ቤቱ ሚኒባስ ተሳፈረ። ረጅሙን ጥቅል ጉልበቱ መሃል እንዳቆመ ካልቱን ደወለች። ስልኩን ከጆሮው ጀርባ አጥንቱ ላይ ተጫነ።

«ቆሪውን ይዣለሁ» ብሎ ጮኸ፣ እንደ ድሬ ልማድ ሶማሊኛውን ካማርኛው ቀላቅሎ። «አይ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ቆይ፣ አስጮኸዋለሁ፤ ሳቢያን በሙሉ ይሰማዋል።»

ቆሪ በሶማሊኛ እንጨት ነው። ጠመንጃም ነው። ተሳፋሪው ጥቅሉን አየና ከሁለቱ አንዱን መረጠ። «ወራጅ» ያላለ አልነበረም፤ ረዳቱ እንኳ ሂሳብ ሳይሰበስብ ወረደ። ዲሪር ስልኩን ዘግቶ ቀና ሲል የቀረው ሹፌሩ ብቻ ነበር።

«ዛሬ ሰው ቶሎ ደረሰ» አለው ዲሪር።

የወረዱት የጠሩት ገዲ የሚባል ፖሊስ በበሩ ብቅ አለ። «አብቲ፣ ጥቅሉን ቀስ አድርገህ አስቀምጥ።»

አጎቴ ማለቱ ነው፤ አክብሮቱ አልተጓደለም። ዲሪር ግን አልሰማውም። ገዲ በእጁ ሲያሳየው ብርድ ልብሱን ፈታ።

«ቆሪ ያልከው ይሄን ነው?» አለ ገዲ።

«ሌላ ምን ቆሪ አለኝ?»

ከዚያ መንገድ ማዶ የተኮለኮሉትን ሰዎች አየ፣ ገባው፣ እስኪያስለው ሳቀ። «ጊታር ልሠራበት ነው» ብሎ ጮኸላቸው። ከገዲ ውሃ ተቀብሎ ሳንቃውን ሲያርሰው ሞገዱ ከዳር እስከ ዳር ተነሣ። የሸሹት ሁሉ እየተጋፉ ተመለሱ። መጀመሪያ የወረደችው የሳቢያኗ ቲማቲም ነጋዴ ዓኒሳ በጣቷ ዳሰሰችው።

«አንተ ዋሪያ፣ ልቤ ቀጥ ብላ ነበር» አለችው። «ሲጮህ ትጠራናለህ።»

ዲሪር ሳንቃውን ቶሎ አልነካውም። ከባሕር ዳር የመጣ እንጨት የድሬን ሙቀት ካልለመደ ይሰነጠቃል፤ አልጋው ስር አስተኛው። ሲለምድለት በእጅ መጋዝ ውፍረቱን ለሁለት ከፈለና እንደ መጽሐፍ ገለጠው፤ የግራው ሞገድ ከቀኙ ጋር ግጥም አለ። እሱ ኮላ ሲቀባ፣ ሲያስር፣ ሲልግ ወራት አለፉ። ጆሮውም ባሰበት።

ጊታሩ ያለቀ ቀን የሰርግ ዘፋኟ ሳብሪን ልትሞክረው መጣች። ዲሪር ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ክሮቹ ሲንቀጠቀጡ፣ እሷም ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ስትል አየ። ድምፅ ግን አልመጣለትም። እንደ ሕፃን ሆድ ባሰው።

«ጥሩ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ዲሪር ቀስ ብሎ ሲናገር ተሰምቶ አያውቅም።

ካልቱን ተነሣች። ማጅራቱን ይዛ ዝቅ አደረገችውና ልክ ከቁም ሳጥኑ ጋር እንደሚያደርገው ግንባሩን ጊታሩ ላይ አስደገፈችው።

«አሁን ተጫወቺ» አለቻት ሳብሪንን።

መጀመሪያ ወፍራሙ ክር በአጥንቱ ገባ። ቀጥሎ ቀጭኑም። ዲሪር እንባው ሞገዱ ላይ ጠብ ሲል በእጅጌው ጠረገው። ከዚያ ብድግ ብሎ በሩ ላይ ቆመና፣ «ቆሪው ጮኸ» ብሎ ሳቢያንን አናወጣት።

በዚህኛው ጊዜ የሸሸ የለም። ቀድማ የደረሰችው ዓኒሳ ናት፤ ጆሮዋ ደህና ሆኖ ሳለ «እኔም በግንባሬ» ብላ አጎነበሰች። ከኋላዋ እስከ አስፋልቱ ሰልፍ ሆነ።