የሳር ክምሩ ጥላ

ገበሬውን ከመሬቱ ያፈናቅላል በተባለው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ በተነሳበት ወራት ሱሉልታ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ትምህርት ይቋረጣል፤ ሲከፈት ደግሞ ግማሹ ተማሪ ይቀራል። እኔ ግን ግትር ነኝ፤ የሳይንስ ክበቡን አልዘጋም አልኩ። የመሬትን ምስል እያነሳ የሚሸጥ የአንድ ኩባንያ ሳተላይት ያነሳውን፣ ለትምህርት በነፃ የተለቀቀውን የከተማችንንና የዙሪያዋን ፎቶ አዲስ አበባ ወስጄ በትልቁ አሳተምኩና ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ተማሪዎቹ ቤታቸውን ሲፈልጉ በጣታቸው ስለነካኩት ወረቀቱ ወዲያው ወየበ።

ወሬው ሰፈር የገባው ግን በሌላ መልክ ነው። "መምህሯ ማስተር ፕላኑን ሰቅላዋለች" ተባለ።

ከክበቡ ልጆች ሁሉ ጎበዟ የገበሬ ልጅ ነበረች። አንድ ጠዋት አባቷ መጡ። የጎረቤታቸው መሬት ተለክቶ ሲወሰድ በዓይናቸው አይተዋል።

"አካም ቡልተን፣ ኦቦ" ብዬ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አልኳቸው። በቀጥታ ሄደው ፎቶው ፊት ቆሙ።

"የኔ መሬት ላይ ምን ሊሠራበት ነው? ልጄንም ለዚህ ነው የምታሠለጥኛት? ከዛሬ ጀምሮ አትመጣም!"

በንዴት ስለ ሳተላይቱ ምህዋርም ስለ ካሜራውም ማስረዳት ጀመርኩ፤ በተናገርኩ ቁጥር ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

"ቀያሾቹም እንዲህ አሳምረው ነበር የሚያወሩት" አሉኝ። ልጅቷ በሩ ጋ ቆማ እንባዋን ትታገላለች።

ከዚያ ቀረበችና ፎቶው ላይ አንዲት ነጥብ እየነካች በኦሮምኛ አናገረቻቸው። "አባ፣ ይቺን ይዩልኝ። የሳር ክምራችን ናት። ጥላዋ ወደ ምዕራብ ወድቋል፤ ፎቶው የተነሳው ጠዋት ነው። ፕላን ቢሆን ጥላ ከየት ያመጣል?"

አባቷ ጎንበስ አሉ። ከክምሩ ተነስተው፣ ከብቶቹ የሚሄዱበትን ቀጭን መንገድ እስከ ወንዙ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት።

"ክምሩን በዚህ በኩል ያደረግኩት አምና ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ይህን ያነሳው ሳተላይት መቼ ነው ተመልሶ የሚያልፈው?"

"በየጊዜው ያልፋል፤ ደመና ካልጋረደው ያያል" አልኳቸው።

"መሬቴን ይጠብቅልኛል?"

መዋሸት አልቻልኩም። "አይጠብቅም፣ ኦቦ። ያየውን ያሳያል እንጂ።"

ከፎቶው ቀና አሉ።

"እንግዲያው ሲመለስ እዚያው መሬቴ ላይ ያገኘኛል" አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንቺ መማርሽን ቀጥይ። እዚያ መኖሬን ከፎቶው ላይ የሚያነብልኝ ሰው ያስፈልገኛል።"