በድርብ የተቋጠረ ልጣጭ

ልብስ ሰፊዋ ሰው የምታምነው ሜትሩን ራሷ ከለካች በኋላ ነው። ጨርቅ ነጋዴው «ሞልቷል» ብሎ ቢምልላት እንኳ ፊት ለፊቱ ዘርግታ ትለካለች።

የሕንፃውን ነዋሪ ደጅ ለደጅ ዞራ የወጥ ቤቱን ቆሻሻ ለብቻ እንዲለይ ያሳመነችው እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ናት። ልጣጭና ትራፊ ምግብ ከሌላው ጥራጊ ጋር ሲቀበር አየር ያጣል። አየር በሌለበት የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ተሕዋስያን ደግሞ ሚቴን የተባለ ጋዝ ያወጣሉ፤ ምድርን በማሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብዙ እጥፍ የሚያስከነዳ ጋዝ። ደስ የሚለው ግን መላው ቀላል መሆኑ ነው! ያንኑ ልጣጭ አየር እንዲያገኝ ከምረው እያገላበጡ ቢያበሰብሱት ሚቴኑ እጅግ ይቀንሳል፤ የሚተርፈውም ለም ማዳበሪያ ነው።

ጎረቤቶቿ ባልዲያቸውን ሱቋ ደጅ ያስቀምጣሉ፤ እሷ በፌስታል እያደረገች ወደ ማዳበሪያ ቦታ ለሚወስደው የቆሻሻ መኪና ታስረክባለች።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ባለታክሲው በሯን ተደግፎ ሳቀ።

«እትዬ፣ ተሸወድን! ፌስታሎችዎ ማዳበሪያ ቦታው በር ላይ ወደ ቆሻሻ መቅበሪያ በሚሄድ መኪና ሲጫኑ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ከእንግዲህ የኔን ባልዲ አይጠብቁ። ለሌላውም እነግራለሁ።»

መርፌዋ እጇ ላይ ቀረ። ቃል የሰጠችው እሷ፣ መሳቂያ የምትሆነውም እሷ፤ ሕንፃው ሁሉ መለየቱን ሊተው ነው። የቆሻሻ መኪናውን ሾፌር ጠረጠረች። ሁልጊዜ የሚቸኩለው ለምንድን ነው? ሲያያትስ ለምን ዓይኑን ይሰብራል?

መኪናው ሲመጣ ከሾፌሩ ጎን ወጥታ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ወዴት?»

«ልጣጬን ልሸኝ።»

«ይሸታል እኮ!»

«ያንተ ነገር ይብሳል። ንዳ!»

ማዳበሪያ ቦታው ላይ ከየሰፈሩ የመጣው ልጣጭ ሲዘረገፍ፣ ከክምሩም ትኩስ እንፋሎት ሲወጣ አየች። የእሷ ፌስታሎች ግን ወደ ጎን ተወረወሩ።

«ያዝኳችሁ!» ብላ ጮኸች።

ክምር የምታገላብጠው ሠራተኛ አካፋዋን ተደግፋ ቀና አለች። «የኔ እናት፣ ላስቲክ ከገባበት ማዳበሪያው ይበላሻል። ፈትተን እንዳናወጣው ቋጠሮው መከራ ነው! ማን ይሆን እንዲህ ያሰረው?»

ልብስ ሰፊዋ ቋጠሮውን አወቀችው። ሽታው እንዳይወጣ፣ ዝንብ እንዳይገባ ብላ በድርብ የቋጠረችው ራሷ ናት፤ የእሷ ቋጠሮ ደግሞ ያለ መቀስ አይፈታም። ሾፌሩን ገላመጠችው።

«አንተስ ምነው አልነገርከኝ?»

«መቼ ያስወሩናል! ደህና አደሩ ስንልዎ እንኳ ‹ምን ፈልጎ ነው› ይላሉ።»

እንደተመለሰች የባለታክሲውን በር አንኳኳች። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ላስቲኩ ነው ልጣጩን ያስቀበረብን። ካሁን ወዲያ ከባልዲው በቀጥታ ወደ መኪናው ነው የሚገለበጠው።»

«እስከ ዛሬ የለየነውስ?»

«ተቀበረ።»

ባለታክሲው አየት አደረጋት። «አሁን የሚሉኝስ እውነት ለመሆኑ በምን አውቃለሁ?»

አልተቀየመችም። እንዲያውም ፊቷ በራ። «በምንም! ሾፌሩ ጎን የአንድ ሰው ቦታ አለ። በሚቀጥለው አንተ ሂድና እይ፤ እኔን አትመን።»

«እሄዳለሁ» አለና ባልዲውን አውጥቶ ሰጣት።

እሷም ከመቀበሏ በፊት ክዳኑን ከፍታ አየች።