የመን ወይስ ሞንጎልያ፦ ዋስ ፍለጋ ከዳባት ወደ ስሜን

ፈሪ ሰው ነኝ። አስቀድሜ መናገሬ ደግ ነው፤ አለዚያ ይህን የአራት ቀን መንገድ የሚያነብ ሰው «ምን ያንቀጠቅጠዋል ይኼ ሰውዬ?» ማለቱ አይቀርም። ዘመኑ የደርግ ነበር። እኔ ዳባት ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር።

ከቤት ያስወጣኝ አንድ ቅጽ ነው። ሁለት ዓመት እስያ ሄደው እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መምህራን ይፈለጋሉ ተባለ። አገሮቹ ሁለት ናቸው፦ ደቡብ የመን ወይም ሞንጎልያ። አንዱን መርጦ መጻፍ፣ የቅርብ ዘመድ ዋስ ማስፈረም፣ ከዚያ እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ደባርቅ ለተቀመጠው ኮሚቴ ማስረከብ ነው። የሄደው መምህር ካልተመለሰ ዋሱ ይጠየቃል። «ይጠየቃል» የምትለዋን ቃል በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ያውቃታል።

እውነቱን ልናገር፤ የመመለስ ሐሳብ አልነበረኝም። ባለፈው ዓመት በመምህራን ማረፊያ ከጎኔ የሚቀመጠው የታሪክ መምህር «ለአንድ ጥያቄ ነው» ተብሎ ከክፍል ተጠራ፤ ጠመኔው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ እሱ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ዓይኔ ወደ ጓሮው መስኮት ይሄዳል። ቅጹ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ ጠብቄ የትምህርት ቤቱን የዓለም ካርታ አየሁ። ሞንጎልያ በሩሲያና በቻይና መካከል ታፍና ተቀምጣለች፤ ከዚያ በየት ይጠፋል? የመን ግን ባሕር አላት። በጀልባ ተሻግረው ሌላ አገር የገቡ እንዳሉ በሹክሹክታ ይወራ ነበር። እስክሪብቶዬን አነሳሁና «ደቡብ የመን» ብዬ ጻፍኩ።

ዋስ የሚሆነኝ ታላቅ ወንድሜ አያ ታከለ ናቸው። በሃያ ዓመት ይበልጡኛል። አባታችን ሲሞት ገና ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ያሳደጉኝም በጋቸውን ሸጠው ትምህርት ቤት ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ከደባርቅ አንድ ቀን በእግር ያስኬዳል፣ ወደ ጃናሞራ በሚወስደው መንገድ።

ረቡዕ፦ ከዳባት ወደ ደባርቅ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ሾፌሩ ሁለት ብር ተቀበለኝና የነጭ ሽንኩርት ጆንያ ላይ አስቀመጠኝ። የወገራ ሜዳ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ደርሷል፤ ነፋሱ ግን ጆሮ ይቆርጣል። የሽንኩርቱ ባለቤት፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ያሰረች ሴት፣ ከዳባት ጀምራ ስታየኝ ቆይታ፣

«መምህር ነህ መሰል?» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«በኮትህ ላይ ጠመኔ አለ። ምነው ታዲያ ደረትህን እንዲህ ታቅፈህ? እንቁላል ነው እንዴ፣ ሊፈለፈል?»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ፤ ቅጹን ከኮቴ የውስጥ ኪስ አድርጌ በእጄ መያዜን ለራሴም አላወቅኩም ነበር። እጄን አወረድኩ። ብዙም ሳንሄድ ተመልሶ እዚያው ሄደ።

የደባርቅ ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ጠባቂው የይለፍ ወረቀቴን አየ፣ ከዚያ ቅጹን አስወጣኝ። ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል።

«ሞንጎልያ የትኛው አውራጃ ነው?»

«እስያ ነው፣ ጓድ።»

«የመንስ?»

«እሱም እስያ ነው።»

ቅጹን አገላበጠና ቀና ብሎ አየኝ። «የኔ ልጅ አራተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛ የሚያስተምረው ሰው የለም፤ መምህሩ ከሄደ ዓመቱ። አንተ ደግሞ የሰው አገር ልጅ ልታስተምር ነው?» ቁጣ የለበትም፤ ዝም ብሎ ነው የጠየቀኝ። ወረቀቱን መለሰልኝና «እለፍ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ደባርቅ አልጋ ይዤ ሽሮዬን እንኳ አጋምሼ ተውኩት።

ሐሙስ፦ የእግር መንገድ

ሲነጋጋ ጨው ጭኖ ወደ ጃናሞራ ከሚመለስ ባለበቅሎ ጋር ተነሳሁ። ሽማግሌ ናቸው፣ እግራቸው ግን የኔን ያስንቃል። ገና ከከተማው ሳንርቅ አንድ ምክር ሰጡኝ።

«ስማኝ ልጄ። ጠመንጃ የያዘ ሰው ካገኘን የየትኛው ወገን እንደሆነ ሳታውቅ አትናገር። ‹እንደምን ዋላችሁ› ብቻ በል። ሰላምታ ወገን የለውም።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ እያንዳንዱ ቋጥኝ ሰው መሰለኝ። የአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ ዘልዬ ከበቅሎዋ ጎን ተለጠፍኩ፤ ጭላዳ ዝንጀሮ ነበር፣ ሣር እየነጨ ዞር ብሎም አላየኝ። ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ወይ ጉድ! ይኼ ነው ባሕር የሚሻገረው?» አሉ፤ መንገድ ላይ ወሬዬን ሁሉ አውጣጥተውኝ ነበርና።

እኩለ ቀን ላይ የእውነት ሰዎች መጡ። አምስት ናቸው፣ ጠመንጃ የያዙ፣ የማን እንደሆኑ የሚነግር ነገር ያልለበሱ። «እንደምን ዋላችሁ» አልኩ፣ የሽማግሌውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው አለፉን። ከዚያ በኋላ ለረጅም ሰዓት ስለሞንጎልያም ስለየመንም አላሰብኩም። መንገዱ በገደሉ አፋፍ አፋፍ ይሄዳል፤ ከታች ጉም ሞልቷል፣ ከላይ ቁመተ ረጅሙ የጅባራ ተክል ቆሟል። ሽማግሌው የባቄላ ቆሎ አካፈሉኝ። ቀኑ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል የወንድሜን ግቢ አየሁ፤ ከሽማግሌው ጋርም እዚያ ተለያየን።

አያ ታከለ ገብስ ያበራዩ ነበር። ሲያዩኝ መንሹን ጣሉና ጉንጬን ሳይሆን ግንባሬን ሳሙኝ፤ እንደ ልጅነቴ። «ከስተሃል» አሉኝ። ደጃፉ ላይ ተቀመጥን፣ ሚስታቸው ትኩስ ድንች ከነጨው አቀረቡልን፣ እኔም ነገሩን አስረዳሁ። ሁለት ዓመት መሆኑን፣ ዋስ ማስፈለጉን፣ አገሮቹ ሁለት መሆናቸውን። ጥቂት አሰቡና፣

«የመን የሚሉት ደጋ ነው ቆላ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ቆላ ነው አያ። ባሕር ዳር ነው፣ ያቃጥላል።»

«ያኛውስ?»

«ሞንጎልያ ደጋ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል ይላሉ። ኑሯቸው በግና ፈረስ ነው።»

«በግና ፈረስ! ታዲያ ምን ያስመርጥሃል?» አሉ፤ ነገሩ አልቆላቸዋል። «የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ ምን ሲሆን አየህ? ከዚህ ስንቱ ሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ ንዳድ በልቶት ቀረ! ወደ በጎቹ አገር ሂድ። ብርድ እንደሆን አሳምረህ ታውቀዋለህ።»

«እሺ አያ፣ ሞንጎልያ» አልኳቸው።

«የመን» የሚለው ጽሑፍ በኪሴ ነው ያለው። ለምን እንደዋሸሁ ብትጠይቁኝ ፈርቼ ነው። የመንን ብመርጥ «ለምን?» ይላሉ፣ ለምኑን ከነገርኳቸው ደግሞ ዋስ አይሆኑም ብዬ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ያትማሉ፣ ነገሩ ያልቃል። እንዲህ ነበር ስሌቴ። ግን እስኪነጋ ቅጹን በኪሴ ስዳብስ አደርኩ።

ዓርብ፦ የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት

በጠዋት ለመሄድ ስንነሳ አያ ታከለ የጋቢያቸውን ጫፍ ከኔ ነጠላ ጫፍ ጋር አጥብቀው ቋጠሩት።

«ምንድን ነው ይኼ?» አልኩ።

«ቁራኛ ነዋ! በአባቶቻችን ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ኩታ ለኩታ ታስረው ነበር ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት። ተከሳሹ ዋስ ሲጠራ ይፈታል። ዋስ ልሆንህ አይደል? በወጉ ይሁን!»

ቀልዳቸው ነው፤ እኔ ግን አንገቴ የታሰረ ነው የመሰለኝ። በየመንገዱ ያገኘን ሰው ሁሉ ይስቃል። የማኅበሩ ጸሐፊም እንደታሰርን ስንገባ ሲያየን ስቆ፣ ማኅተሙንና የጣት ቀለሙን ጠረጴዛው ላይ አወጣ። ቅጹን አጥፌ፣ መፈረሚያው ብቻ እንዲታይ አድርጌ ዘረጋሁት። የቀለሙን ክዳን ከፍቼ ወደ አያ ታከለ አቀረብኩ።

«ተወው» አሉኝ። «ብዕር ስጠኝ።»

አልገባኝም። ጸሐፊው «አልነገሩትም እንዴ? መሠረተ ትምህርት እኮ ጨርሰዋል! ከማኅበሩ አንደኛ ነው የወጡት» አለ።

ወረቀቱን አንስተው እጥፋቱን ዘረጉት። ከዚያ ያ ለስንት ዓመት ሞፈር የጨበጠ ጣት ከላይ ጀምሮ መሥመር በመሥመር ወረደ፤ ከንፈራቸው በዝግታ ይንቀሳቀሳል። እኔ ዳባት ውስጥ ስንቱን አዛውንት ፊደል ያስቆጠርኩ ሰው፣ የገዛ ወንድሜን «አንቱስ ተማሩ?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና አነበቡ። ቀና ብለው አላዩኝም። ብዕሩን አጥብቀው ይዘው ስማቸውን ከነአባታቸው ስም ጻፉ። ጸሐፊው ማኅተሙን መታ።

ወጣን። ቋጠሮውን አልፈቱትም። እንደታሰርን እስከ አፋፉ ድረስ አብረን ሄድን።

«ያነበብኩት የመን ነው» አሉ።

«አዎ አያ።»

«ባሕር ዳር ያልከው አገር። ባሕር ያለው አገር መውጫ አለው። ለመቅረት ነው አይደል?»

ማልቀስ ጀመርኩ፤ በሠላሳ ዓመቴ፣ በጠራራ ፀሐይ።

«ብትቀር እኔን ነው የሚይዙኝ» አሉ፣ የአጨዳ ወሬ እንደሚያወሩ ሁሉ ረጋ ብለው።

«አውቃለሁ። እያወቁ ታዲያ ለምን ፈረሙ?»

«የዋሸኸኝ ፈርተህ ነው። የፈራ ሰው ዋስ ካላገኘ ማን ያግኝ?» ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን መፍታት ጀመሩ፤ ጠብቆ ስለነበር በጥርሳቸው ጎተቱት። «ማንበቤን ልነግርህ ነበር። አንድ ቀን በራሴ እጅ ደብዳቤ ጽፌ ላስደንቅህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። በል፣ ዋስ ጠርተሃል፤ ቁራኛህ ተፈቷል። ሂድ።»

ግንባሬን ሳሙኝና ወደ ገብሳቸው ተመለሱ። ዞረው አላዩም።

ቅዳሜ፦ ደባርቅ፣ ከዚያም ቤት

ዓርብ ሲመሽ ደባርቅ ደርሼ አደርኩና አምስት ሰዓት ላይ ከኮሚቴው ጸሐፊ ፊት ቆምኩ። ከኔ በፊት ሁለት መምህራን እየሳቁ አስረክበው ወጡ። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩትን ጠየቅኩ።

«አገሩን ወደ ሞንጎልያ መለወጥ ይቻላል?»

«ሥርዝ ድልዝ አንቀበልም። አዲስ ቅጽ፣ አዲስ የዋስ ፊርማ ነው።»

«ዋሴ ያለው የአንድ ቀን መንገድ ነው።»

ሰዓቱን አየ። «እንግዲያው ይኼንኑ ስጠኝ።» እጁን ዘረጋ።

ቅጹን አየሁት። ከታች የአያ ታከለ ጽሑፍ፣ ፊደሎቹ ትልልቅ፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ያዘነበሉ። የመን ብገባ አልመለስም፤ ራሴን አውቀዋለሁ፣ ያንን ባሕር አይቼ የምመለስ ሰው አይደለሁም። ያን ጊዜ እኒህ ፊደሎች ናቸው ወንድሜ ላይ የሚመሰክሩት። «ይቅርታ፣ ጓድ» ብዬ ቅጹን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። ጸሐፊው «ምን ሆኗል?» ሲል ደረጃውን ወርጃለሁ።

በመጣሁበት ዓይነት መኪና ዳባት ገባሁ። ቤቴን ከፍቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። በር የሚያንኳኳ አልነበረም፤ ዓይኔ ግን እንደወትሮው ወደ ጓሮው መስኮት ሄደ። ጉዞው ከፍርሃት አላዳነኝም። አንድ ነገር ብቻ አስተማረኝ፤ ደጋና ቆላ፣ ባሕርና መውጫ ብዬ ካርታ ላይ አገር ሳማርጥ፣ የወንድሜን ቤት ካርታው ላይ አልፈለግኩትም ነበር።

ከወር በኋላ የሽንኩርት ጆንያ ይዞ የመጣ ሰው ደብዳቤ አደረሰኝ። «ይድረስ ለወንድሜ። ይህን የጻፍኩት እኔው ነኝ። መቼ ነው የምትሄደው?» ይላል። ከእንግዲህ ላልዋሻቸው ቆርጬ ስለነበር እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ «አያ፣ አልሄድም። ቅጹን አላስረከብኩም። ሄጄ እንዳልቀር ፈራሁ።»

መልሳቸው ሲመጣ አንድ መሥመር ነበር።

«እኔ እኮ አልፈራሁም ነበር።»