ሲቲና ያሳመመችው ድልድይ

የወሎዋ ሲቲና በአረብ አገር፣ ጅዴይዴ በሚባል ሰፈር፣ ከአሠሪዎቿ ቤት የምትወጣው የማዳሟን አባት ለመደገፍ ብቻ ነበር። ቤተሰቡ ጅዶ፣ አያቴ፣ የሚላቸው እኚህ አዛውንት፣ ሚሼል፣ የባቡር ድልድይ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ባቡሩ ከቆመ ስንት ዘመኑ፤ ጡረታ መውጣታቸውን ግን የነገራቸው ያለ አይመስልም። በየሳምንቱ የሰፈሩን አሮጌ ድልድይ በመዶሻ ኳ ኳ እያደረጉ ይመረምራሉ። ማዶ ላይ የሲቲና እህት ሰአዳ የአሠሪዋን ውሻ ይዛ ትጠብቃለች። እህትማማቾቹ የሚያወሩት ኳኳታው እስኪያልቅ ነው።

ለሲቲና ሳምንት ረዘመባት። አንድ ቀን፣ "ጅዶ፣ እዚህ ጋ ተሰንጥቋል" አለች።

"የታል?"

"መነጽርዎን አላደረጉም እኮ።"

ጅዶ ጻፉት። በደንቡ የተሰነጠቀ ድልድይ በየቀኑ ይመረመራልና በማግስቱም መጡ። ከዚያ ወዲያ ሲቲና በየቀኑ አዲስ ስንጥቅ አላጣችም።

"አንቺ፣ ይሄን ድልድይ በአፍሽ ልታፈርሺው ነው!" አለች ሰአዳ እየሳቀች።

ጅዶ ለካ የጻፉትን ሁሉ ለማዘጋጃ ቤት ይልኩ ኖሯል። አንድ ማለዳ ሲደርሱ ድልድዩ በሽቦ ታጥሯል፤ ሰአዳም ከነውሻዋ ማዶ ቀርታለች።

"ኸላስ፣ በቃ፣ የገዛ ምላሴ ጉድ ሠራኝ" አለች ሲቲና በልቧ።

ጅዶ ሽቦውን በመዶሻቸው ነካ ነካ አደረጉት።

"የተዘጋ ድልድይ ጠዋትና ማታ ከሥሩ ይመረመራል፤ ደንብ ነው። ያላ፣ ደግፊኝ እንውረድ።"

ሰአዳ ውሻውን አቅፋ ከማዶ ቁልቁለቱን ጀምራለች።