በአመድ ያሸኋቸው ድንጋዮች
የልጅ ልጄ ያመጣችው አዲስ የመስታወት የዓሣ ሳጥን ሳምንቱ ነው፤ ዓሣ ገና ባይገባበትም ምግብ ስለምጥልበት ውሃው እንደ ፍየል ጉረኖ ይሸታል። ሽታው ጅማ ወሰደኝ፣ በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሆኜ።

ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪው ጋሽ ነስሩ ታቹ ድንጋይ በተነጠፈበት፣ ዓሣ በሌለበት ሳጥን ውስጥ በየቀኑ ቁንጥር ምግብ ይጥሉ ነበር።

“ማንን ነው የሚያበሉት?” አልኳቸው።

“ድንጋዮቹን። ሱታ ሱታ፣ ቀስ ብለሽ ታገሺ፣ ሰብር አድርጊ።”

አበዱ ብዬ ለሰፈሩ አወራሁ።

ወር አልፎ ሁለት ዓሣ አስገቡ። አንድ ቀን ቀበሌ ጽዳት ሊያይ ይመጣል ተባለ። እኔም ጋሽ ነስሩን ላስደስት ብዬ፣ እሳቸው ሳይኖሩ ያንን የሚያሙለጨልጭ ድንጋይ ሁሉ አውጥቼ በአመድ አሸሁት፤ ውሃውንም ቀየርኩላቸው። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ ወደ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር።

“ማነው ድንጋዩን ያጠበው?” አሉ ጋሽ ነስሩ።

“እኔ።”

“አይ አንቺ ልጅ፣ ቆሻሻቸውን የሚበላላቸው እኮ ድንጋዩ ላይ ነበር የሚኖረው። ቤቱን አፈረስሽበት።”

ጂን መሰለኝ፤ ለካ በዚያ ምግብ ያራቡት በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ኖሯል። እሱ እንደገና እስኪራባ ወር ሙሉ በየጠዋቱ ከጉድጓድ እየቀዳሁ ግማሹን ውሃ ቀየርኩ። ዓሦቹ ተረፉ፣ የኔ ወገብ ነው ያለቀው።

ዛሬ የልጅ ልጄ “እማማ፣ ነገ ዓሣ ልግዛ?” ስትለኝ “አንድ ወር ቆዪ” አልኳት። አኩርፋለች። ታኩርፍ፣ ዓሦቹ ይኑሩ።